በወረንጎ ነጋሪቱ ለምን ይቆማል

ልጄ ኖላዊ በአራት ዓመቱ ሞተ። የተቀበረው በወረንጎ ሚካኤል ነው፤ በወረንጎ ልጅ ሲቀበር ነጋሪት ይመታል፣ መሐል ላይም ይቆማል።

ይህ በአካባቢው በሌላ ደብር የለም። ከቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት አንድ አሮጌ ነጋሪት ይወጣል። ቆዳው ብዙ ጊዜ ተለውጧል፣ እንጨቱ ግን የጥንቱ ነው ይባላል። አስከሬኑ ከቤት ወጥቶ መቃብሩ አፍ እስኪደርስ ሳያቋርጥ ይመታል፤ እዚያ ሲደርስ የሟቹ አባት እጁን ያነሣል፣ መቺውም ያቆማል። ሙሾ አውራጇ ዝም ትላለች፣ ካህናቱ ይጠብቃሉ። በዚያ ዝምታ አንድ ነገር ብቻ ተነግሮ ነጋሪቱ እንደገና ይመታል። ልማዱ እንዴት እንደመጣ ከሽማግሌዎች፣ ይልቁንም ከአባቴ አጎት ከአባ እንየው የሰማሁትን እጽፋለሁ።

እንደሚነገረው ነገሩ የሆነው በጎንደር ሕፃን ንጉሥ በነገሠበት ዘመን ነው። ንጉሡ ገና ፊደል ይቆጥር ስለነበር መኳንንቱ በእሱ ስም እርስ በርሳቸው ይዋጉ ነበር፤ የተሸነፈው አመፀኛ፣ ያሸነፈው ታማኝ ይባል ነበር። የወረንጎ ገዥ የነበረው ደጃዝማች ከማዶኛው ደጃዝማች ጋር በምን እንደተጣላ ሽማግሌዎቹ አይስማሙም። ግማሾቹ በአንድ የወንዝ መሻገሪያ ነው ይላሉ፣ ግማሾቹ ሠርግ ላይ በተነገረ ቃል ነው ይላሉ። የሞቱትም ምክንያቱን ያውቁ እንደነበር እጠራጠራለሁ።

የዚህ ደጃዝማች ነጋሪት መቺ ኤስድሮስ የሚባል የወረንጎ ሰው ነበር፤ አባቱም አያቱም መቺዎች ነበሩ። ነጋሪቶቹ በበቅሎ ተጭነው ከጌታው አጠገብ ይቆማሉ። ውጊያው ሲጀመር መምታት ይጀመራል፣ ውጊያው ሳያልቅ አይቆምም፤ ምክንያቱም ከፊት የሚዋጋው ወታደር ጌታውን አያየውም፣ በሕይወት መኖሩን የሚያውቀው በነጋሪቱ ድምፅ ነው። ነጋሪቱ ዝም ካለ ጌታው ወድቋል ማለት ነው። ጌታው ከወደቀ ሠራዊቱ ይበተናል፣ የተበተነውንም የጠላት ፈረሰኛ እየተከተለ ይጨርሰዋል።

ኤስድሮስ መርቆሬ የሚባል አንድ ልጅ ነበረው። ከእሱ በፊት ሦስት ቀብሯል። ክተት ሲታወጅ መርቆሬ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበርና ጦርና ጋሻ ይዞ ዘመተ። በውጊያው ቀን ጧት አባቱ ቆዳው እንዲወጠር ነጋሪቶቹን ፀሐይ ላይ አስጥቶ ሳለ፣ መርቆሬ ከጓደኛው ከገላውዴ ጋር መጣ።

«አባዬ፣ እናቴ ስትጠራዎት የማይሰሙት ነጋሪቱ አደንቁሮዎት ነው አሉ» አለው።

«ነጋሪት ሳልይዝም አልሰማትም ነበር» አለ ኤስድሮስ።

ገላውዴ ሳቀ። «ታዲያ ጠላት መድረሱን በምን ያውቃሉ?»

«አንተ ስትሮጥ አይቼ ነዋ።»

ሦስቱም ሳቁ። ከዚያ መርቆሬ ሳቁን ተወና «አባዬ፣ ለእኔ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። መቼ እንደምገፋ፣ መቼ እንደምመለስ አላውቅም» አለ።

ኤስድሮስ የመለሰለት እንደ አባት ሳይሆን እንደ መቺ ነው ይላሉ። ለእሱም አባቱ፣ ለአባቱም አያቱ ያሉት ይህንኑ ነበርና ሌላ መልስ ያለ አልመሰለውም።

«ነጋሪቴን ስማ» አለው። «እኔ እስከመታሁ ድረስ ፊትህን አታዙር።»

«እሺ» አለ መርቆሬ። እሺ ያለውን የሚፈጽም ልጅ ነበር ይባላል።

በቅሎዎቹ የቆሙት ጉብታ ላይ ስለነበር ኤስድሮስ ሜዳውን ሁሉ ያይ ነበር። ቀትር ላይ መርቆሬ ጭኑን ተወጋ። አባቱ ከሩቅ የለየው በድጉ ነው፤ ወገቡን የታጠቀበት ድግ እናቱ ትብለጥ የፈተለችው፣ ጥለቱም ቀይ ነበር። ልጁ ጦሩን ተመርኩዞ ቆመ። ገላውዴ ክንዱን ይዞ ወደ ኋላ ሳበው። ከኋላቸው ያለው መንገድ ክፍት ነበር። መርቆሬ ግን ራሱን ነቀነቀ፣ ጆሮውን ወደ ጉብታው አዘነበለ፣ ከዚያም እያነከሰ ወደ ፊት ሄደ።

ኤስድሮስ የጧቱን ቃል ያን ጊዜ አስታወሰ። እጁን ቢያቆም ልጁ ይመለሳል። እጁን ቢያቆም ሠራዊቱም ይበተናል፤ በዚያ ሠራዊት ውስጥ የወረንጎ ሰው ብቻ ሁለት መቶ ያህል ነበር፣ ሁሉም እናት ያላቸው፣ አብዛኞቹን በስም የሚያውቃቸው። የበቅሎ ሳቢው በኋላ እንደተናገረው፣ መቺው ከጉሮሮው እየጮኸ «መርቆሬ ተመለስ፣ መርቆሬ ተመለስ» ይል ነበር፤ በሁለት እጁ ግን መምታቱን አልተወም፣ ጩኸቱም በገዛ ነጋሪቱ ድምፅ ተውጦ ከበቅሎዎቹ አላለፈም።

ልጁ ጥቂት እርምጃ ሄደ፣ ከዚያ አልታየም። ኤስድሮስ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ መታ። ድሉ የደጃዝማቹ ሆነ።

ደጃዝማቹ ጠርቶ «ዛሬ በእግሬ ያቆመኝ ያንተ እጅ ነው። የፈለግኸውን ጠይቀኝ» አለው። ርስት ይጠይቃል ብለው ሁሉም ጠበቁ።

«ጌታዬ፣ ልጄን ስቀብር ነጋሪቱ ይመታልኝ» አለ ኤስድሮስ። «እኔ ሳዝዝ ደግሞ ይቁምልኝ።»

ነጋሪት ለተራ ሰው ልጅ አይመታም ነበር፤ ያለ ጌታው ትእዛዝም አይቆምም። ደጃዝማቹ ግን «ይሁን፤ ለአገርህም ሰው ይሁን» አለ ይባላል።

መርቆሬን ወረንጎ አምጥተው ቀበሩት። ነጋሪቱን ሌላ ሰው ይመታ ነበር። መቃብሩ አፍ ሲደርሱ ኤስድሮስ እጁን አነሣ፣ ነጋሪቱም ቆመ። አንድ ዘመድ የሟቹን ጀግንነት ሊያወድስ እየፎከረ ወደ ፊት ወጣ። «ተው» አለው ኤስድሮስ። ከዚያ ወደ ገላውዴ ዞረ።

«በመጨረሻ ምን አደረገ? እኔ አላየሁም።»

«አባቴ፣ ምን ይሠራልዎታል?»

«ንገረኝ። አታሳምርልኝ።»

ገላውዴ መሬት መሬቱን እያየ ተናገረ። «ደም ብዙ ፈሶታል፣ ጆሮውም አልሰማ ያለው መሰለኝ። ‹ይመታል?› ብሎ ጠየቀኝ። ‹ይመታል› አልኩት። ድጉ ላልቶ ነበር፣ አጠበቀው። ከዚያ ሄደ።»

ትብለጥ ቀና አለች። «‹ቆሟል› ብትለው ምን ነበረበት» አለችው።

ገላውዴ ይህን እስከዚያች ሰዓት ድረስ አላሰበውም ነበር።

«እሱን ተዪው» አለ ኤስድሮስ። «የመታሁት እኔ ነኝ።»

እጁን አወረደ፣ ነጋሪቱም እንደገና ተመታ። እሱ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ዱላውን አልያዘም ይባላል። ስለ ቀረው ዕድሜው የሚነገር የለም። የደጃዝማቹንም ስም አባ እንየው አያውቁትም።

ከዚያ ዘመን ጀምሮ በወረንጎ ልጁን የሚቀብር አባት እጁን ያነሣል። ነጋሪቱ ሲቆም ልጁ በሞተበት ቀን በመጨረሻ ያደረገውን ይናገራል፤ ካላየ ያየውን ሰው ይጠይቃል። አይወደስም፣ አይረገምም፣ ቢኖር ኖሮ ምን ይሆን ነበር አይባልም። የሆነው ብቻ ይነገራል።

ባለፈው ቅዳሜ እኔም እጄን አነሣሁ። ነጋሪቱ ቆመ። ዝምታው ረጅም ነው፤ ሽማግሌዎቹ ይህን አልነገሩኝም ነበር። ሚስቴ አጠገቤ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። ሁለታችንም ስላየነው ማንንም አልጠየቅሁም።

«ጤና ጣቢያ ልንወስደው ስንነሣ» አልኩ፣ «ጫማውን ራሱ አደረገ። ግራና ቀኙን አልተሳሳተም።»