በግድግዳው ላይ ያሉት ሽማግሌ

አንድ ላጤ የጨርቅ ነጋዴ ነበረ፤ ስሙ አንዳርጌ ይባላል። ገበያው ሲቀናው ብቻቸውን ይኖሩ የነበሩትን እናቱን ወደ እሱ ሊያመጣ አሰበና፣ በአንዲት ጥንታዊ ከተማ፣ ኮርቻ ሰፊ በሚባል ሰፈር፣ ባለ ሁለት መኝታ ዘመናዊ አፓርታማ ተከራየ። አንደኛው መኝታ ለራሱ፣ ሁለተኛው ለእናቱ ሆነ።

ሰፈሩ ያረጀ ነው። ህንፃው ግን ትናንት የበቀለ ነው። ባለህንፃው የኮርቻ ሰፊዎቹን ደጃፍ አፍርሶ፣ በቦታው መስታወት ገትሮ፣ ዙሪያውን በድንጋይ አጥሮ ሲያበቃ ምን ብሎ ቢያስነግር ጥሩ ነው? «ታሪክ ውስጥ ይኑሩ!» ዓይኑን በጨው የታጠበ ሰው እንዲህ ነው፤ ያፈረሰውን መልሶ ያከራይሃል። በመግቢያው አዳራሽም የበር መዝጊያ የሚያህል ፎቶግራፍ አሰቅሏል። በፎቶው ላይ አንድ ሽማግሌ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው፣ ወስፌ ይዘው ኮርቻ ይሰፋሉ። አንዳርጌን የማረከው ይኸው ፎቶ ነው። ደላላው «ይኸውልህ፣ የጥንቱ ሰፈር!» ሲለው ሌላ ቤት ማየት አላስፈለገውም።

ቤቱን በያዘ በሳምንቱ ዘበኛው ከበሩ ደወለለት።

«ጌታዬ፣ አንድ ሽማግሌ መጥተዋል። የሰፈሩ ዕድር ዳኛ ነኝ ይላሉ። ዕድር ይገቡ እንደሆነ ሊጠይቁዎት ነው።»

«እኔ የምኖረው አፓርታማ ነው» አለ አንዳርጌ። «ዕድር ምን ያደርግልኛል? አመስግነህ ሸኛቸው።»

እናቱ ሳሎን ተቀምጠው ሰሙት። «ልጄ፣ ሰው ያለ ዕድር እንዴት ይኖራል?»

«እማዬ፣ እዚህ እኮ የሚጎድል ነገር የለም። ውኃው አይቋረጥ፣ መብራቱ አይጠፋ።»

«አዎ፣ ሁሉ አለ። እንዴት አደራችሁ የሚል ብቻ ነው የጠፋው» አሉና ነጠላቸውን አጣፍተው ወረዱ።

ከዚያ ወዲህ እናቱ የሚውሉት ከአጥሩ ውጭ ሆነ። የታመመ ሲጠየቅ፣ የወለደች ስትታረስ፣ ልቅሶ ሲደረስ እሳቸው የማይገኙበት ቤት አልነበረም። አንዳርጌ አልከለከላቸውም፤ አብሯቸውም አልወረደም። አንድ ቀን እንኳ «እነማን ቤት ነው የምትውዪው?» ብሎ አልጠየቃቸውም።

አንድ ሰኞ እናቱ ራሳቸው ታመሙ፤ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ዐረፉ። አንዳርጌ በዚያ በሚያብረቀርቅ ቤት ውስጥ አስከሬን ይዞ ብቻውን ቀረ። ማንን እንደሚጠራ ጠፋው። ፎቁ ላይ በሮች ተከፍተው ተዘጉ። አንዱ ተከራይ «ነፍስ ይማር» ብሎት ወደ አሳንሰሩ ገባ፤ ሥራ ረፍዶበት ነበር። እንዲያ ግራ ተጋብቶ ቆሞ ሳለ ከታች ከመንደሩ የዕድር ጡሩንባ ሲነፋ ሰማ። ጡሩንባ ነፊው በሰፈሩ ውስጥ እየዞረ የእናቱን ስም ይጠራል። ወሬውን ያደረሰው ዘበኛው ነበር።

አንዳርጌ ሲወርድ በሩ ላይ ሰው ተሰብስቧል። ወንዶቹ የድንኳን ቋሚና አግዳሚ ወንበር ተሸክመዋል፤ ሴቶቹ ድስት ይዘዋል። ከፊታቸው ዕድር ዳኛው ጋሽ ድልነሳሁ ቆመዋል። ዘበኛው እጁን ዘርግቶ መንገዱን ዘግቷል።

«ግቢው ውስጥ ድንኳን መትከል ክልክል ነው ጌታዬ» አለ ዘበኛው።

አንዳርጌ በኀፍረት አንገቱን ደፋ። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ዕድር አልገባሁም።»

«አንተ አልገባህም» አሉ ጋሽ ድልነሳሁ። «እሳቸው በገዛ ስማቸው ገብተዋል። የመጣነው ለእሳቸው ነው።»

ይህን ሲሰማ ቀና ብሎ አያቸው። ያን ፊት ያውቀዋል። ዞር ብሎ በመስታወቱ በኩል አዳራሹን ተመለከተ፣ ደግሞ ወደ ሽማግሌው ዞረ። እጃቸው ላይ በወስፌው ፋንታ የድንኳን ቋሚ መኖሩ ነው እንጂ ሰውዬው ራሳቸው ናቸው።

«አንተ፣ እኚህን ሰው አታውቃቸውም?» አለው ዘበኛውን።

«ዕድር ዳኛው ናቸው።»

«ጠዋት ማታ ፎቷቸው ሥር ነው እኮ የምትቆመው!»

ዘበኛው ዞሮ አየና ደነገጠ። «እኔ የታዘዝኩትን ነው» ብሎ አጉተመተመ። ውሻ በበላበት ይጮኻልና በእሱ አልፈርድም። ፍርዱ ለጌታው ይሁን። ጌታውም ብዙ ሳይቆይ በመኪናው ደረሰ።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት አቶ አንዳርጌ» አለ ባለህንፃው። «ግን ይረዱኝ፣ ድንኳን የህንፃውን ገጽታ ያበላሻል። ዛሬ ቤት ለማየት የሚመጡ ሰዎች አሉ። ለቅሶውን ሆቴል አዳራሽ ተከራይተው ቢያደርጉትስ?»

«እኚህ ሰው ግቢህ ቢገቡ ገጽታ ያበላሻሉ፣ ፎቷቸው ግን ያሳምርልሃል?» አለ አንዳርጌ። አንቱታውን ትቶት ነበር።

«ፎቶው ሌላ፣ ሰውዬው ሌላ!» አለ ባለህንፃው፤ ምንም አላፈረም።

አንዳርጌ እጁን ሊሰነዝር ሲል ጋሽ ድልነሳሁ ክንዱን ያዙት። «አስከሬን ሳይነሣ ጠብ ነውር ነው። ና» አሉት።

ወሰዱትም ወደ ቤታቸው፤ ከህንፃው ጀርባ ወዳለች አንዲት ጠባብ ግቢ። ድንኳን አይደለም ሁለት አግዳሚ አታስቀምጥም። ሽማግሌው ግቢዋን በዓይናቸው ለኩና «ይህን አጥር አንሡት» አሉ። የዚያ ሰፈር ልማድ ነው፤ ግቢ ከጠበበ ለድንኳን ሲባል አጥር ይነሣል። የጋሽ ድልነሳሁ ቆርቆሮ ተነቀለ። የጎረቤታቸውም ተከተለ፤ የጠየቀው ሳይኖር ራሱ ባለቤቱ ሚስማሩን ይነቅል ጀመር። አስከሬኑን ሊያወጡ የሄዱት የዕድሩ ሰዎች በጓሮ በር፣ ዕቃ በሚገባበት በኩል እንዲገቡ ተደረገ። በጓሮ በር! ሬሳም ገጽታ ያበላሻላ።

እናቱ ግን በክብር ተቀበሩ። አንዳርጌ ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጦ ሰዉ ስለ እናቱ ሲያወራ ሰማ። እገሊትን ያስታመሙ እሳቸው፣ የተጣሉትን ያስታረቁ እሳቸው። እሱ አንዱንም አያውቅም ነበር። በባለህንፃው ላይ ሲንተከተክ ዋለና አመሻሹ ላይ አንድ ነገር ትዝ አለው። እኚህን ሽማግሌ ከበር የመለሳቸው ባለህንፃው ብቻ አይደለም። መጀመሪያ የመለሳቸው እሱ ነው፤ ያውም ፎቷቸውን አድንቆ በተከራየ በሳምንቱ። ያን ጊዜ ቁጣው ወደ ራሱ ዞረና ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ አለቀሰ።

በሠልስቱ ማግስት ወደ አፓርታማው ተመልሶ ዕቃውን አወጣ። ሲወጣም አዳራሹ ውስጥ ቆመና ያን ትልቅ ፎቶ ከግድግዳው አወረደው። ባለህንፃው እየሮጠ መጣ።

«የህንፃው ንብረት ነው! አስቀምጠው!»

«ክፈፉ የህንፃው ነው» አለ አንዳርጌ። «ፊቱስ የማን ነው?»

አንዳርጌ ፎቶውን ተሸክሞ በዋናው በር ወጣ። ዘበኛው በሩን ከፈተለት፤ እሱም ከህንፃው ጀርባ ወዳለችው ጠባብ ግቢ ይዞት ሄደ።

ጋሽ ድልነሳሁ ፎቶውን ከቅርብ አይተውት አያውቁም ነበር፤ ማን አስገብቷቸው! ጠጋ ብለው ተመለከቱት። «ይቺ ደጃፌ ነበረች። አሁን መኪና ይቆምባታል» አሉ። ከዚያም ክፈፉን በእጃቸው ገፋ አደረጉት። «መልስላቸው ልጄ። ከሰፈሩ ሰው በዋናው በር መግባት የተፈቀደለት እሱ ብቻ ነው።»

የተቀመጠው ሁሉ ሳቀ። አንዳርጌ አልሳቀም፤ ፎቶውንም አልመለሰም። እዚያው ሰፈር አንዲት ደሳሳ ቤት ተከራየ፣ ዕድርም ገባ። ጡሩንባ በተነፋ ቁጥር የድንኳን ቋሚ ከሚሸከሙት አንዱ እሱ ነው።

ወዳጄ ሆይ፣ ሰውን ከደጁ አባርሮ ፎቶውን መስቀል ታሪክ መጠበቅ አይደለም። በሬውን አርዶ ቀንዱን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ «በሬ አለኝ» እንደማለት ነው። ሰፈር ጥንታዊ የሚባለው በድንጋዩ አይደለም፤ አንዱ ለሌላው አጥሩን ሲያነሣ በኖረባቸው ዘመናት ነው። ይህን ባለህንፃ ስትረግም ግን ቀስ በል። እስኪ ወደ ራስህ ተመለስና ጠይቅ፤ ግድግዳህ ላይ ሰቅለህ የምታደንቀው ሰው ነገ መጥቶ በርህን ቢያንኳኳ ትከፍትለታለህ?