በሰም የታሸገ አፍ

በአንድ ወቅት፣ ሽፍታ የቆላውን መንገድ በያዘበት ዘመን፣ አያ መንበሩ የሚባል ገበሬ ነበር። መሬት ነበረው። ጥማድ በሬ ነበረው። ልጅ አልነበረውም። ማንኮራፋት ግን ነበረበት።

አፉን ከፍቶ ነበር የሚተኛው። ሚስቱ የኔነሽ፣ ጎረቤት ሰርግ ሲደግስ «ከበሮ አትከራዩ፣ መንበሩን ወስዳችሁ አስተኙት» ትል ነበር። ሲነጋ ምላሱ ከላንቃው ተጣብቆ ይነሣል። አንድ ቅል ውሃ ሳይጠጣ ቃል አይወጣውም።

አንድ ዓመት ቆላ ካሉት ቀፎዎቹ ሰም ሊያወጣ ሦስት ጎልማሶች ይዞ ወረደ። ቢረሳው ጧፍ ሠሪ ነበር። ሽባባው ከብት ያዋልዳል፣ የታመመ ከብት ያያል። ምትኩ በሰው ቤት የሚያርስ ሎሌ ነበር። ሦስቱም መሬት የላቸውም። ገደሉ አህያ አያስወጣም፤ ስለዚህ ሰሙን በስልቻ አስረው በየጀርባቸው ተሸከሙ። ቀን ቀን ሽፍታ ያያል ብለው የሚሄዱት በሌሊት ነበር። አያ መንበሩ ከቤት ከወጣ ወዲህ ደህና እንቅልፍ አልተኛም።

ሊነጋጋ ሲል ከገደሉ ወገብ ላይ ካለ ዋሻ ደረሱ። ፍየል ጠባቂዎች ዝናብ የሚጠለሉበት ዋሻ ነው። ገብተው ስልቻቸውን እንዳወረዱ ሽፍቶቹ ከታች መጡ። ከዋሻው ሥር ካለችው ምንጭ ተቀመጡ፤ ፍየል አረዱ፤ ውሻቸውን አሰሩ። ዋሻው አንድ በር ብቻ ነው ያለው። መንገዱም አንድ ነው፤ እሱም በሽፍቶቹ መካከል ያልፋል። አራቱ ሰዎች ያላቸው ቂጣና ግማሽ ቅል ውሃ ነበር። ሽፍታ ሰም ብቻ አይወስድም። ያየውን ሰው አይተውም።

አያ መንበሩ እንደተቀመጠ እንቅልፍ ጣለው። አፉ ተከፈተ። ምትኩ ዘሎ በመዳፉ አፈነው። ከታች ውሻው ጆሮውን አቆመ፤ ቆየ፤ መልሶ ተኛ።

እንዳይተኛ ቆነጠጡት። ፊቱን በእርጥብ ጨርቅ አበሱት። ሽማግሌ ነው፤ እንቅልፉ አልለቀው አለ። እሱም ራሱ በሹክሹክታ «እኔ ከተኛሁ አለቅን» አላቸው። መተኛቱ ደግሞ አይቀርም።

ይህን ጊዜ ቢረሳው ከመቀነቱ ጫፍ ቀደደ። ከስልቻው ሰም ቆርሶ በእጁ እያሸ አለሰለሰና ጨርቁን ቀባው። አፍዎን ላሽገው፣ አፍንጫዎ ይተንፍስ አለው። መጀመሪያ የሽማግሌውን አፍ አስገጥሞ መዳፉን ከአፍንጫው ሥር አድርጎ ጠበቀ።

«ሁለቱም ቀዳዳ ይነፍሳል» አለ። «ጢምዎ ነው የሚያስቸግረኝ።»

«ጢሜን ተወውና አሽገኝ» አለ አያ መንበሩ። «ስወራጭ ብታዩኝም እንዳትፈቱኝ። አንድ ሽማግሌ ቢሞት አንድ ነው።»

ሦስቱም እሺ አሉ።

ከዚያ አንድ ነገር ጨመረ። «ከዚህ በሕይወት ያወጣኝን ሰው ጡት አጠባዋለሁ» አለ። በአገራችን ልጅ የሌለው ሰው በሽማግሌ ፊት አውራ ጣቱን ማር ነክሮ ያጠባል። የጠባው ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁ ነው። ሲሞት ይቀብረዋል፤ መሬቱን ይወርሳል። መሬት ለሌለው ሰው ይህ ትንሽ ቃል አይደለም። ሦስቱም ሰሙ።

ሽባባው ሽማግሌው ድንጋይ ላይ እንዳይተኛ አዘነለት። ከዋሻው ጥግ ፍየሎች የጣሉትን በጠጥ ዛቀና አነጠፈለት። በእኛ አገር እረኛ ሲበርደው የሚያደርገው ነው፤ ይለሰልሳል፣ ይሞቃል። ቢረሳው አፉን አሸገ። አያ መንበሩ ተኛ።

ድምፅ አልነበረም። ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ሌላ ምንም የለም። ሽፍቶቹ ሥጋቸውን እየጠበሱ ሲሳሳቁ እነዚህ ከላይ የአያ መንበሩን አፍንጫ እያዩ ተቀመጡ። መቆም አይቻል፣ መሳል አይቻል፣ ድንጋይ መንካት አይቻል።

ፀሐይ ወደ መካከል ስትደርስ ነቃ። ጨርቁን ቀስ አድርገው ከጥጉ ላጡለት። ምላሱን በአፉ ውስጥ አዞረ።

«እንዲህ ተኝቼ አላውቅም» አለ። «አፌ እርጥብ ነው።»

ውሃውን ሲሰጡት አልፈልግም አለ፤ እነሱ ተካፈሉት። ቢረሳው ደስ አለው። ሽፍቶቹ ግን አልተነሡም። የሽማግሌው እንቅልፍም ገና አልወጣለትም ነበር። ቢረሳው አፍንጫውን ሳያይ እንደገና አሸገው።

ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ዞራ በዋሻው አፍ ገባች። በጠጡ ደረቀ። ሽማግሌው በተገላበጠ ቁጥር አቧራው ይቦንናል። መጀመሪያ አንደኛው የአፍንጫ ቀዳዳ ተደፈነ። ቆይቶ ሁለተኛው። ደረቱ ይነሣል፣ አየር ግን አይገባም። እጁ መሬቱን መቧጨር ጀመረ።

ሽባባው እጁን ሲዘረጋ ቢረሳው ያዘው። ራሱ እንዳትፈቱኝ ብሏል፣ ትንሽ ይታገልና አፍንጫው ይከፈትለታል፣ ብትፈታው አራታችንም እንሞታለን አለው በጆሮው። ሽባባው ጣቱን ከሽማግሌው አፍንጫ ሥር አደረገ።

«ምንም የለም» አለ።

ጨርቁን ነቀለው። የላይኛው ጢሙ ግማሹ አብሮ ተነቀለ። አያ መንበሩ እንደ ታረደ በሬ አንድ ጊዜ አቃሰተና ሳለ፤ ደጋግሞ ሳለ። ዋሻው ተቀብሎ አስተጋባው። ውሻው ጮኸ። ሽፍቶቹ ጠመንጃቸውን አነሡ።

ምትኩ ተነሣ። ስልቻውን ተሸከመ። «አትከተሉኝ» አለ፤ እየሳለ ወጣ።

ታች የሆነውን በኋላ ራሱ ነው የነገራቸው። ብቻዬን ነኝ አላቸው። አለቃቸው አየው።

«ለብቻህ እንደ አራት ሰው ትስላለህ።»

«ሳምባዬ ነው ጌታዬ» አለ ምትኩ። «ወንድሜን የገደለው ነው።»

ወደ ዋሻው መውጣት የጀመረው ሽፍታ ይህን ሲሰማ ተመለሰ። በሽተኛ የተኛበት ውስጥ መግባት አልፈለገም። ሰሙን ወሰዱ። ምትኩን የራሳቸውን ጓዝ አሸክመው፣ እንዳይጠጋቸው ከፊት ከፊት እየነዱ ሄዱ። ሲመሽ ሦስቱ ከዋሻው ወጥተው አገራቸው ገቡ። ምትኩ ግን ያን ክረምት ሙሉ ለሽፍታ ጓዝ ተሸካሚ ሆነ። አምልጦ ሲመጣ ትከሻው ቆስሎ፣ አንድ እግሩ አልታጠፍ ብሎ ነበር።

እሱ እስኪመጣ አያ መንበሩ ማንንም አላጠባም። በዚህ መካከል ወሬው አገር አዳረሰ። ባል የሚያንኮራፋባት ሴት ሁሉ ሰም ልትለምን ቢረሳው ቤት ትመጣለች። ሽባባው ደግሞ መንገድ ላይ ቆሞ ይመልሳቸዋል። አንዷ «አንተ ምን አገባህ፣ የሚያንኮራፋው የኔ ባል» ብትለው፣ «የሚቀበረውም ያንቺ ነው» አላት። እሷም ትንሽ አሰበችና ወደ ቢረሳው ቤት መንገዷን ቀጠለች ይባላል።

ምትኩ በመጣ በሳምንቱ ሽማግሌዎች በአያ መንበሩ ደጅ ተቀመጡ። የኔነሽ ማር በጣባ አቀረበች። መሬቱ ለሦስት ይከፈል ያለም ነበር። አያ መንበሩ መሬቴ ለሦስት ቢሸነሸን በሬ አያዞርም፣ ቃሌም ለአንድ ሰው ነው አለ።

ቢረሳው ተናገረ። «ጠዋት ባላሽገው ኖሮ ቀትርን አናያትም ነበር። ሽባባው የሚፈታው ነገር፣ ምትኩ የሚወጣበት ቀን አይኖርም። ትንፋሹን አይቼ ነው ያሸግሁት። ደህና ተኛሁ ያለው ራሱ ነው።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ መለሰለት። ጠዋት አየህ፣ ቀትር ላይ ሳታይ አሸግህ፣ ሲታፈንም እጅ ያዝህ አለው። ቢረሳው የታዘዝሁትን ነው ያደረግሁት አለ።

ሽባባው ተናገረ። «አያ፣ እኔ ባልነቅለው ዛሬ የሚነከር አውራ ጣት የለም። ቃልዎን አፍርሻለሁ። የሞተ ሰው ግን ቃሌ ፈረሰ ብሎ አይከስስም።»

ለሱም መልስ አልጠፋም። በጠጡን ያነጠፍህ አንተ፣ አቧራው ያንተ አሉት። ደግሞም ጥጉን ቀስ ብሎ መላጥ እያለ ጢም እስኪነቀል መጎተትህ አራት ነፍስ ሊያስበላ ነበር። ሽባባው የሚታፈን ጥጃ ቀስ ተብሎ አይጎተትም አለ።

ምትኩ ብዙ አልተናገረም። «ሁለቱ የሠሩት ሥራ በዋሻ ውስጥ ነው» አለ። «ከዋሻው ያስወጣቸው የኔ መውጣት ነው።»

ቢረሳው፣ «ለሽፍታ የሰጠኸው ሰም የአያ መንበሩ ነው፣ ከኪስህ ምን ወጣ?» አለው። ሌላ ሰው ደግሞ ሽፍታ ጮማ ያበላህ ነበር ይባላል፣ ጉንጭህም ሞልቷል ብሎ ቀለደ። ምትኩ አልሳቀም። ሸማውን ከትከሻው ገለጠ፤ ሁሉም አዩ።  ሆኖም አንድ ሽማግሌ፣ ቁስል ድካምን ያሳያል እንጂ ማን እንዳዳነ አይፈርድም አለ።

አያ መንበሩ አውራ ጣቱን ማር ውስጥ ነከረ። አላወጣውም። አንዱን ቢያጠባ፣ ሕይወቱን የሰጡትን ሁለቱን ይክዳል። ማንንም ባያጠባ ቃሉን ይበላል፤ ቤቱም ያለ ወራሽ ይዘጋል። ሽማግሌዎቹ ፍርዱ ያንተ ነው ብለው አቀረቀሩ።

የኔነሽ ዝንብ እያባረረች ጠበቀች። በመጨረሻ «መንበሩ፣ ምረጥ እንጂ» አለችው።

«ያሸገኝ ባይኖር ሞቼ ነበር» አለ። «የፈታኝም። የወጣልኝም።»

ጣቱ እንደተነከረ ነው። ሦስቱ በፊቱ ተቀምጠዋል፤ አንዳቸውም አልተነሡም።

እንግዲህ የሰማችሁ ፍረዱ። ጣቱ ለማን ይገባል? አፉን ለዘጋው፣ አፉን ለከፈተው፣ ወይስ ስለ እሱ አፍ ራሱን ለሰጠው?