የቅቤ ነጋዴው ድድ

አንድ ሽብሩ የሚባል ቅቤ ነጋዴ ነበር። ባዕድ ነገር የተቀላቀለበትን ቅቤ እንደ እሱ የሚለይ ገበያው ውስጥ አልነበረም። ከእያንዳንዱ ቅል በጣቱ ቆንጠር አድርጎ ምላሱ ላይ ያስቀምጣል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ከዚያ "ይሄ ንጹህ ነው" ወይም "ይሄንንስ መልሰሽ ውሰጂው፣ ሙዝ አለበት" ይላል። ሌሎቹ ነጋዴዎች ሳይቀሩ እሱን ያስቀምሱት ነበር።

አንድ ጠዋት ጥርሱን ሲፍቅ መፋቂያው ደም ይዞ ወጣ። በማግስቱም እንዲሁ። ሽብሩ መፋቂያውን ገላምጦ "ለካ ድዴን የምታቆስለው አንተ ነህ!" ብሎ ወረወረው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በውሃ ብቻ መጉመጥመጥ ያዘ። ድዱን የሚነካው ነገር ስለሌለ ደሙ መታየቱን ተወ። እሱም ድኛለሁ አለ።

ሚስቱ አመለወርቅ ግን ድዱ ማበጡን ታያለች፣ የአፉም ጠረን አላስቀምጣት ብሏል። "ኧረ ሰውዬ፣ ታከም" ትለዋለች። "ለድድ ብሎ ሐኪም ቤት የሚሄድ ማን አለ?" ይላታል። እንዲህ ሲባባሉ አሥራ አንድ ዓመት አለፈ። መናገርም ይሰለቻል፤ ተወችው።

ከዚያ ድካም መጣ። ተኝቶ አድሮም ይደክመዋል፣ ሱቁን ሲከፍትም ይደክመዋል። በቀኝ ጎኑ ከጎድኑ ሥር የሆነ ነገር ይከብደዋል። ጎረቤቶቹ "ዕድሜ ነው" አሉት፤ እሱም ዕድሜ ነው ብሎ ከረመ። አንድ ቅል ቅቤ ማንሳት ሲያቅተው ግን ፈራ፤ ሞት ታየው። አንድ አዛውንት ሐኪም ዘንድ ሄደ።

ሐኪሙ መርምረው "ጉበትህ ላይ ስብ ተከማችቷል፤ ጠባሳም ጀምሮታል" አሉት። ቀጥለውም "እስቲ አፍህን ክፈት" አሉ።

"ዶክተር፣ እኔ የመጣሁት ለጉበቴ ነው፤ አፌ ምን አደረገ?"

"ክፈት ልጄ።" ድዱን ጫን ሲያደርጉት መግል ወጣ። "ከዚህ ድድ የሚወጣው መግል የት የሚሄድ ይመስልሃል?"

"እተፋዋለሁ።"

"የምትተፋው ጥቂቱን ነው። ሌላውን ትውጠዋለህ፤ ከቁስሉም ወደ ደምህ የሚገባ አለ። በአንጀትም በደምም ሄዶ ጉበትህ ጋ ይደርሳል። ስቡን ያመጣው ይሄ ነው ብዬ አልምልልህም፤ ስትቀምሰው የኖርከው ቅቤም፣ ቁጭ ብለህ መዋልህም አለበት። ግን የታመመ ድድና የታመመ ጉበት አንድ ሰው ላይ አብረው ሳይ ስንት ዓመቴ! ሁላችሁም የምትመጡት አቅም ሲያልቅባችሁ ነው። እኔም ደከመኝ።"

"እድናለሁ?"

"ድድህ ይታከማል። ስቡም ሊቀንስ ይችላል። ጠባሳው እንዳይብስ እንጥራለን እንጂ ይጠፋል ብዬ ቃል አልገባልህም።"

ሽብሩ አራት ጥርስ ተነቀለለት፣ ድዱ ታከመ፣ ቅቤ መቅመስ ተከለከለ። ተመስገን፣ በሕይወት አለ። ግን ግማሽ ቀን ሠርቶ ሱቁን ይዘጋል። አንድ ቀን አመለወርቅን "ደሙን ያሳየኝን ወረወርኩ እንጂ ያደማኝን መች ፈለግሁ?" አላት።

ወዳጆቼ፣ ሰውነታችንን ከፋፍለን ይሄ ትልቅ፣ ይሄ ትንሽ የምንለው እኛ ነን። እሱ ግን አንድ ነው፤ አንዱ ጋ የተናቀ ሕመም ሌላውንም ያደክማል። እናንተስ ዛሬ ጠዋት ተጉመጥምጣችሁ ስትተፉ ምን አያችሁ? ወይስ እንደ ሁልጊዜው ሳታዩ ውሃ ደፋችሁበት?