የደረቀው ቀለም

አንድ ቀለም በጥባጭ ነበረ፤ ስሙ ዘርጋው ይባላል። ከድስት ቂጥ ጥላሸት ይፍቃል፣ ገብስ አሳርሮ ይወቅጣል፣ ሁለቱን በውሃ በጥብጦ በማሰሮ ያስቀምጣል። ቀለሙ እስኪበስል ወራት ይፈጃል፤ ጠዋት ጠዋትም መማሰል አለበት። በዚያ ዘመን ሰዎች ቀለም የሚጠቅመው እርጥብ ሳለ ብቻ ይመስላቸው ስለነበር፣ የደረቀውን ሁሉ ደጅ ይደፉት ነበር።

ዘርጋው የመጨረሻው ቀለሙ ሳይበስል ሞተ። ሚስቱ አልጣሽ ማማሰሉን ቀጠለች። የማማሰያው እጀታ ባሏ ይይዝበት የነበረው ቦታ ላይ ጎድጉዷል፤ አልጣሽም እጇን እዚያው ታሳርፋለች። እንዲህ እያለች ቀለሙ በሰለ።

ቀለሙን ያዘዙት ሽማግሌ ጸሐፊ፣ መሪጌታ ክንፉ፣ መጡ።

«አልጣሽ ልጄ፣ መጽሐፉ ከመካከል ቆሞብኛል። ቀለሙን ስጪኝ።»

«አይሆንም መሪጌታ። ከእጁ ሥራ የቀረኝ ይሄ ብቻ ነው። እርስዎ ጽፈው ሲጨርሱት እኔ ምኑን ልይዝ ነው?»

«ታዲያ ከድነሽ ልታለቅሺበት ነው? ለለቅሶውስ የቀሚስሽ ጥቁር ይበቃል!»

አልጣሽ አልሳቀችም። መሪጌታ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

እሷም ቀለሙ በተከፈተ ቁጥር እንዳይጎድልባት ብላ ማማሰሉን ተወች፤ የማሰሮውን አፍ በባሏ ጋቢ ቁራጭ አስራ ከራስጌዋ አኖረችው። በር በተንኳኳ ቁጥር እሱ ይመስላታል። ራቱንም ታስቀርለት ነበር። ሙት ዓመቱ ሲደርስ ናፍቆቱ ቢብስባት ማሰሮውን ፈታችው። ቀለሙ እንደ ግንቦት መሬት ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

ማሰሮውን ታቅፋ መሪጌታ ቤት ደረሰች። «ሁለተኛ ጊዜ ሞተብኝ!»

ሽማግሌው አንዱን ስባሪ በቀለም ቀንዳቸው ውስጥ ጣሉ፤ ውሃ ጠብ አድርገው በጠበጡት። ብዕራቸውን ነክረው ብራናው ላይ አሰመሩ። መስመሩ ድቅድቅ ጥቁር ወጣ።

«ምን ሞተ ትያለሽ? ጠምቶት ነው እንጂ።»

አልጣሽ መስመሩን ትኩር ብላ አየችው። ከዚያም ማሰሮውን ወደ እሳቸው ገፋ አደረገች።

«ይውሰዱት። ግን መሪጌታ፣ መጽሐፍ ሲፈጸም ለጻፈው፣ ላጻፈው፣ ላነበበው ይጸለያል። ቀለሙን ለበጠበጠውስ?»

«እስከ ዛሬ ማንም አልጠየቀኝም» አሉ መሪጌታ፤ «አንቺ ግን ጠየቅሽኝ።»

መጽሐፉ ተፈጽሞ በቤተ ክርስቲያን በተነበበ ቀን፣ ከሦስቱ ቀጥሎ «ቀለሙን ለበጠበጠው ለዘርጋውም» የሚል ጸሎት ተሰማ። ሕዝቡ አሜን አለ። አልጣሽ ያን ዕለት ያስቀረችውን ራት ለመንገደኛ ሰጠች።

ጸሐፊዎች ቀለምን አድርቀው በማኅደራቸው ይዘው መዞር፣ በደረሱበትም በውሃ ማራስ የጀመሩት ከዚያ ወዲህ ነው ይባላል።

የምንወደውን ሰው ትዝታ እንዳይጎድል ብለን ስንከድነው ይደርቅብናል። ቢደርቅም አይጠፋም፤ ለሌላው ስናካፍለው ይርሳል። በእናንተስ ቤት ተከድኖ የተቀመጠው ማሰሮ የማን ነው?