የአጸደ ባዝራ

ሽማግሎች የተጣላ ሰው ለማስታረቅ ሲቀመጡ መሃል ላይ ጣል የሚያደርጓት አንዲት ተረት አለች። ብዙው ሰው ይተርታታል እንጂ ከየት እንደመጣች አይጠይቅም። ነገሩ የተጀመረው በአንዲት የጋሪ ባዝራና በአንድ ችኩል እንግዳ ነው ይባላል።

አጸደ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብላ የምትኖር ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ባለጋሪዎች ያለቀለትን ፈረስ መንገድ ዳር ጥለው ሲሄዱ አላስችል እያላት፣ ጅብ ሳይቀድማት እየነዳች ግቢዋ ታስገባለች። ያን ዓመት ያስገባቻት ዳማ ባዝራ ግን ከሁሉም ባሰችባት። ጀርባዋን ኮርቻ ልጦት ገጣባ ሆኗል፤ ቁስሉ ትል አፍርቷል። በጨው ውሃ ካልታጠበ ክረምቱን አትወጣም። እንዳይታጠብ ደግሞ ሰው እጁን ባነሳ ቁጥር አለንጋ እየመሰላት ትደነብራለች።

አጸደ ምን ታድርግ? ገብስ በቁና ይዛ ሜዳው ላይ ትቀመጣለች፤ ባዶ እጇን ጭኗ ላይ ዘርግታ። ባዝራይቱ ከሩቅ ቆማ ታያታለች። አጸደ ወገቧን ይዛ ትነሳለች፤ በማግስቱም ያው። ሰፈሩ «አጸደ ፈረስ አገባች» እያለ ሳቀባት። እየዋለ እያደረ ግን ባዝራይቱ ቀረበች፣ ከቁናው በላች፣ አንገቷን አስነካች። ጀርባዋ ብቻ ቀረ።

በዚህ መሃል የሟች ባሏ ታናሽ ወንድም እንግዳወርቅ ሊጠይቃት መጣ። ክፋት የለበትም፤ ግን ትኩስ ገንፎ የሚውጥ ዓይነት ሰው ነው።

«እትዬ፣ በዚች ፈረስ ዕድሜሽን ጨረስሽው እኮ!»

«ተወኝ እስቲ፣ ትንሽ ነው የቀራት።»

«ጋቢሽን ስጪኝ። ያንቺ ጠረን ካለኝ ትመጣልኛለች። አስሬ ዛሬውኑ አጥብልሻለሁ።»

እምቢ ማለት ነበረባት። ግን ደክሟታል። ያ ሁሉ መጠበቅ አጥንቷ ድረስ ገብቷል፤ ለአንድ ቀን እንኳ ሌላ ሰው ቢሸከምላት ወደደች። ጋቢዋን አውልቃ ሰጠችው።

እንግዳወርቅ ተከናንቦ ቁናውን ይዞ ወጣ፤ የገመድ ሸምቀቆም ከጋቢው ስር ደብቋል። ባዝራይቱ ጋቢውን አሽትታ አፏን ቁናው ውስጥ ስትከት ሸምቀቆው አንገቷ ላይ ገባ። ከግንድ ጋር ጠፍሮ አሰራት፤ እየጮኸችና እየተንፈራገጠች ቁስሉ ታጠበ።

«ይኸው! ይቺን ነው እንግዲህ ስትለማመጪ የከረምሽው?»

አጸደ የቁስሉን መጽዳት አይታ ደስ አላት፤ የባዝራይቱን ዓይን ስታይ ግን ሆዷ ባባ።

በማግስቱ ቁናውን ይዛ ብትወጣ ባዝራይቱ ሜዳውን አቋርጣ አጥሩ ጥግ ተወሸቀች። ርቧታል፣ ጎኗ ገብቷል፤ ቁናው በቀረበ ቁጥር ግን ትሸሻለች። ሰነበተ፤ ያው ነው። ቁስሉን ዝንብ መልሶ ወረረው፤ ክረምቱም ደርሷል። አጸደ መሬት ላይ ዘጭ ብላ አለቀሰች።

«ከአለንጋ አውጥቼ በገዛ ጋቢዬ አስያዝኳት» አለች።

እንግዳወርቅ ግን አሁንም አልገባውም። አጥር ተደግፈው ወደሚያዩት ጎረቤት ወደ አባባ ተድላ ዞሮ፣ «አባባ፣ ይቺ እንስሳ አብዳለች እንዴ? እየራባት ከገብስ ትሸሻለች!» አላቸው።

ሽማግሌው መሬት ላይ የተቀመጠችውን አጸደን አዩ፤ በረዥሙ ተንፍሰው፣ «አላበደችም ልጄ፤ ገብስ አሳይተው ያሰሩት ፈረስ ገብስ ሲያይ ይሸሻል» አሉት።