ጃርቷ ለአባቷ የመረጠችው ቀን

ጠጋ ጠጋ በሉ፤ እናንተ ጆሯችሁን ስጡኝ፣ እኔ ወሬዬን እሰጣችኋለሁ። ዱሮ ነው። እንስሳው ሁሉ አፍ አውጥቶ በሚናገርበት፣ ወንዙም ሲጠሩት «አቤት» በሚልበት ዘመን ነው።

በዚያ ዘመን ፈንጠዝያ ሜዳ የሚባል ቦታ ነበር። የዱር እንስሳት ሁሉ ከሥራ ሲያርፉ የሚጫወቱበት ሜዳ ነው። ከአንድ ትልቅ ሾላ ቅርንጫፍ የተንጠለጠለ ዥዋዥዌ ነበረው። በለስላሳ ድንጋይ ላይ የሚንሸራተቱበት ሸርተቴ ነበረው። ከሁሉም በላይ ግን አንድ ትልቅ መንኮራኩር ነበረው። መንኮራኩሩ ከወይራ እንጨት የተሠራ ነው፤ ዙሪያውን ቅርጫት ተንጠልጥሎበታል። ቅርጫት ውስጥ የተቀመጠ ሁሉ ከሾላው ጫፍ በላይ ይወጣና አገሩን አይቶ ይመለሳል። መንኮራኩሩን የሚያዞረው ውኃ ነበር። ውኃው ከወንዙ ተጠልፎ፣ በረጅም ቦይ መጥቶ፣ መንኮራኩሩን ከሥር እየገፋ ያልፋል።

ያንን ቦይ የቆፈረው አያ ጉድባ የሚባል ጃርት ነው።

አያ ጉድባ ቦዩን ሲቆፍር ጎልማሳ ነበር። ሚስቱ ሞታበት ስንዱ የምትባለውን ልጁን ብቻውን ያሳድግ ነበር። ድንጋዩን በጥፍሩ ፈነቀለ፤ ሥሩን በጥርሱ ቆረጠ፤ አፈሩን በደረቱ ገፋ። ውኃው መጥቶ መንኮራኩሩ የዞረ ቀን እንስሳው ሁሉ እልል አለ። አያ ጉድባ ግን ያን ዕለት ደክሞት ጉድጓዱ ውስጥ ተኝቶ ነበር። ባላምባራስ የሚባል ዝንጀሮ የሜዳው በር ጠባቂ ሆነ፤ ዓመታት አለፉ፤ ቦዩን ማን እንደቆፈረው የሚያስታውስ ጠፋ።

አያ ጉድባ አረጀ። ዓይኑም ደከመ። ጉም ሲኖር ምንም አያይም፤ ቀኑ ሲጠራ ግን እስከ ሩቅ ያያል። ስንዱ ያም እንዳይቀርበት ትሰጋ ነበር።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ ዝናቡ ከጉድጓዳቸው አፍ ላይ ሲንጠባጠብ፣ አያ ጉድባ ልጁን ጠራት።

«ስንዱ።»

«አቤት አባዬ።»

«ያን ቦይ ስቆፍር አፍንጫዬ አፈር ውስጥ ነበር። ከፊቴ ያለውን አንድ ክንድ አየሁ እንጂ ሌላውን አላየሁም። ከጫፍ እስከ ጫፍ ምን እንደሚመስል ሳላውቅ ዓይኔ ሊጠፋ ነው።»

«ከላይ ሆነህ ልታየው ትፈልጋለህ?»

«አንድ ጊዜ። ከመንኮራኩሩ ላይ ሆኜ።»

ስንዱ የአባቷን ፊት አየችና «ጥቢው ሳያልፍ ትወጣለህ» አለችው። ተናግራ ከጨረሰች በኋላ ግን ጨነቃት። መቼ እንደሚሻል አታውቅም።

መስከረም እንደጠባ ቢራቢሮ በደጃቸው ስታልፍ አገኘቻት።

«ቢራቢሮ፣ ወደ ፈንጠዝያ ሜዳ ለመሄድ ምን ጊዜ ይሻላል?»

«አሁን ነዋ» አለች ቢራቢሮ። «ዐደይ አበባው ሜዳውን አልብሶታል። እኔ ከዚህ ሌላ ጊዜ ሄጄም አላውቅ።»

አባትና ልጅ በማግስቱ ጉዞ ጀመሩ። አበባው እውነትም ያምር ነበር። ሣሩ ግን ከጆሯቸው በላይ ቆሟል፤ ጭቃው ሆዳቸውን ይስማል፤ ጉሙም ከሾላው አልወረደም። ወንዙ ደፍርሶ እያጓራ ይወርዳል፤ ቦዩ ሞልቶ ይፈስሳል፤ መንኮራኩሩም እንደ እንዝርት ይሾራል። ደፍራ የወጣች አንዲት ሚዳቋ ዞሮባት ወርዳ እግሯን መትከል አቅቷታል።

«ዘወር በሉ» አለ ወንዙ ከሩቅ። «የክረምቱ ዝናብ ገና ከራሴ አልወረደም። ማንን እንደምጥል አላውቅም።»

ተመለሱ። አያ ጉድባ ቁጭ ብሎ ጭቃውን ከእሾሁ ላይ አራገፈ።

ደመራው ሲቃረብ ጦጣ ዛፍ ለዛፍ እየዘለለች መጣች። ስንዱ እሷንም ጠየቀቻት።

«ይሄም ይጠየቃል?» አለች ጦጣ። «በመስቀል ነው። ያኔ የማይሄድ የለም። ቀኑ ጥሩ ባይሆን ያ ሁሉ እንስሳ ይሄድ ነበር?»

ነገሩ ለስንዱ ልክ መሰላት። አባቷን ይዛ በመስቀል ሄደች።

ወንዙ ረጋ ብሏል፤ ጉሙም ከፍ ብሏል። ችግሩ ሌላ ነበር። ሰልፉ ከመንኮራኩሩ ሥር ተነስቶ ሾላውን ዞሮ በሩ ጋ ደርሷል። በአንድ ቅርጫት ሦስት አራት እየሆኑ ይጠቀጠቃሉ። ከርከሮ ከኋላ ይገፋል፤ ሰሳ ከጎን ይገባል፤ ልጆች በየእግሩ ሥር ይሯሯጣሉ። አያ ጉድባ እሾሁን አስተኝቶ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ አንድ ጥግ ቆመ። ከርከሮው እንደገና ሲገፋ ጥንቸሏ ተንገዳግዳ በእሱ ላይ ወደቀች። ጆሮዋ ተወጋና አለቀሰች።

ባላምባራስ ከተቀመጠበት ድንጋይ ወረደ።

«አንተ ጃርት፣ ይህን ሁሉ ጦር ተሸክመህ ሕዝብ መሃል ትገባለህ?»

«ተገፍታ ነው የወደቀችው፤ ቢሆንም አዝናለሁ» አለ አያ ጉድባ። ወደ ጥንቸሏም ዞሮ «ይቅር በይኝ ልጄ» አላት።

«ማየት ካማረህ በጓሮ ዙርና ከጥራጊው ክምር አጠገብ ቆመህ እይ።»

«ሌላው ሲጫወት ለማየት አልመጣሁም» አለና አያ ጉድባ ፊቱን አዞረ።

መንገዱን ሁሉ ራሱን ቀና አድርጎ ሄደ፤ እሾሁ በእርምጃው ልክ እየተፋጨ ይንሿሿል። ስንዱ ከኋላው እያለቀሰች ትከተላለች። እሱም ሳይዞር «አታልቅሺ። ማን እንደሆንን እኛ እናውቃለን» አላት።

ጅብ የሆነውን ሁሉ ሰምቶ መንገድ ላይ ጠበቃቸው። አያ ጉድባ ወደ ጉድጓዱ እስኪገባ ቆየና ስንዱን ቀረባት።

«ሰማሁ፤ በጣም አዘንኩ» አላት። «እንደ ወንድም ልምከርሽ። ኅዳር አልቆ ታኅሣሥ ሲገባ ሂዱ። ሰልፍ የለ፣ ግፊያ የለ። ዝንጀሮውም በሩን ትቶ ገደሉ ውስጥ ይከተታል። አባትሽ እንዳሻው ይሆናል። እኔ ራሴ በር ላይ ቆሜ እቀበላችኋለሁ።»

«እቀበላችኋለሁ» ሲል ምራቁን ዋጠ። ስንዱ ይህን አየች። «እግዜር ይስጥልኝ አያ ጅቦ፣ አስብበታለሁ» ብላ ተለየችውና ቀጥ ብላ ወደ ወንዙ ወረደች።

«ወንዝ ሆይ፣ ቢራቢሮ መስከረም ሲጠባ፣ ጦጣ በመስቀል፣ አያ ጅቦ በታኅሣሥ እያሉ ሁሉም የየራሱን ቀን ይነግረኛል» አለችው። «ለአባቴ የሚሆነውን ቀን የነገረኝ ግን የለም።»

«አባትሽ ምን ሊያይ ነው የሚሄደው?» አለ ወንዙ።

ስንዱ ወደ ውኃው ጠጋ አለች። እስካሁን ይህን የጠየቃት አልነበረም፤ እሷም ለማንም አልተናገረችም።

«ቦዩን ሊያይ ነው» አለች። «እሱ ነው የቆፈረው። ከላይ ሆኖ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሊያየው ይፈልጋል።»



«እንግዲያው ቢራቢሮ አልዋሸችሽም» አለ ወንዙ። «አበባ የሚወድ በመስከረም ጥባት ይሂድ። ጦጣም አልዋሸችሽም፤ ሕዝብና ሆታ የሚወድ በመስቀል ይሂድ። አያ ጅቦ ግን አውቆ ነው። በታኅሣሥ እኔ ቀጥኜ ቦዩ ጋ አልደርስም። መንኮራኩሩ ይቆማል፤ ሜዳው ላይ የምታገኙት እሱን ብቻ ነው።»

«ታዲያ መቼ እንሂድ?»

«እኔ የማውቀው የራሴን ነው። ጥቅምት እስኪያልቅ መንኮራኩሩን ለማዞር እበቃለሁ። የቀረውን አንቺ ተመልከቺ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስንዱ በየማለዳው ኩይሳ ላይ እየወጣች አገሩን ታይ ጀመር። ሣሩ አረንጓዴ ነው፤ ቦዩን ሸፍኖታል፤ ጠበቀች። ሣሩ ቢጫ ሆነ፤ ግን ገና ቆሟል፤ ጠበቀች። ሣሩ ደርቆ ተኛ፤ ያኔ ደግሞ ሰማዩ ዳመነ፤ አሁንም ጠበቀች። ወንዙ ቀን በቀን እየጎደለ ሲሄድ ቀኑ እንዳያልፍባት ትሰጋ ነበር። አያ ጉድባ አንድም ቀን «መቼ ነው?» ብሎ አልጠየቃትም።

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል አንድ ማለዳ ብርዱ አጥንት ሰብሮ ይገባ ነበር። ስንዱ ኩይሳው ላይ ወጣች። ሰማዩ ታጥቧል። በሩቁ ተራራ ላይ ያለው ዛፍ ሁሉ አንድ በአንድ ይታያል። ወፎቹ ጤፍ ወደ ደረሰበት ወርደዋል፤ ከርከሮም ሰሳም የገብስ ቃርሚያ ላይ ናቸው፤ ዛሬ ሜዳው ላይ ሰልፍ አይኖርም። ከላይ ወርዳ አባቷን ቀሰቀሰችው።

«አባዬ፣ ተነስ። ዛሬ ነው።»

ፀሐይ ሞቅ ሲል ደረሱ። ሜዳው ላይ አንዲት ሚዳቋ ከግልገሏ ጋርና ጥቂት ቆቆች ብቻ ነበሩ። መንኮራኩሩ ቀስ ብሎ፣ ሳይቸኩል ይዞራል። ባላምባራስ በር ላይ ፀሐይ ይሞቃል።

«ደግሞ መጣህ?» አለ።

«ደህና አደሩ ባላምባራስ» አለች ስንዱ። «በመስቀል ቦታው ጠቦ ነበር፤ እርስዎም ለሕዝቡ ብለው መለሱን። ዛሬ ባዶ ቅርጫት ሞልቷል። አባቴ ለብቻው ይቀመጣል፤ ማንንም አይነካም።»

ባላምባራስ ቅርጫቶቹን አየ። ነገሩ እውነት ነበር። አንዴ አይገባም ብሏልና ግን ቃሉን ማጠፍ አፈረ።

«ቅርጫቱን ይቀድደዋል» አለ። «እሾሁን ነቅሎ ይግባ።»

ስንዱ ወደ አባቷ ዞረች። ቀኑን ለማግኘት ምን ያህል እንደጠበቀች እሷ ታውቃለች። «አባዬ፣ የጀርባህን ጥቂት ብቻ» አለችው ቀስ ብላ። «መልሶ ይበቅላል።»

«በዚህ እሾህ ነው ነብር ሲመጣብሽ ያተረፍኩሽ» አለ አያ ጉድባ። «ለመጫወቻ ብዬ አልነቅለውም። እንዳለሁ እወጣለሁ፣ አለዚያም እንዳለሁ እመለሳለሁ።»

ይህን ሲል መንኮራኩሩ ሲጥጥ አለና ቆመ። ቅርጫት ውስጥ የነበሩት ሚዳቋዋና ግልገሏ አየር ላይ ቀሩ። ቦዩ ውስጥ ያለው ውኃ ፀጥ ብሏል።

«ምን ሆነሃል አንተ ወንዝ? ና እንጂ» አለ ባላምባራስ።

«በየት ልምጣ?» አለ ወንዙ።

«በቦዩ ነዋ።»

«ቦዩን ማን ቆፈረልኝ?»

«ቦዩማ... ከዱሮም የነበረ ነው።»

«ከዱሮም የነበርኩ እኔ ነኝ። ቦዩ አልነበረም። እዚህ የመጣሁት ይህ ሽማግሌ በጥፍሩ በከፈተው መንገድ ነው። እሱ በሩ ላይ ከቀረ እኔም በዱሮው መንገዴ እወርዳለሁ።»

ባላምባራስ አያ ጉድባን እንደ አዲስ አየው። ጥፍሮቹን አየ፤ አልቀው ድንጋይ መስለዋል። ከድንጋዩ ላይ ተነስቶ ቆመ።

«አላወቅኩም» አለ።

«ጠይቀህም አታውቅ» አለ አያ ጉድባ። ቁጣ ግን አልነበረበትም።

ዝንጀሮው ሊደግፈው እጁን ሲዘረጋ አያ ጉድባ አመስግኖ ራሱ ወጥቶ ተቀመጠ። ስንዱ ከበታቹ ባለው ቅርጫት ገባች። ወንዙ መጣ፤ መንኮራኩሩ ዞረ። ሾላው ከሥራቸው ቀረ።

አያ ጉድባ ጫፍ ላይ ሲደርስ ከሥሩ ያለውን አየ። በተኛው ቢጫ ሣር መሃል ቦዩ ተዘርግቷል። ከወንዙ ይነሳል፤ ጥቁሩን ቋጥኝ ይዞራል፤ ቁልቁለቱን ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ፀሐይ አርፋበት ከጫፍ እስከ ጫፍ ያበራል።

«አባዬ፣ ይታይሃል?»

«ይታየኛል። ረጅም ነው ለካ።»

«እዚያ መሃል ጋ ለምን ጠመመ? ሌላው ሁሉ ቀጥ ያለ ነው።»

አያ ጉድባ ወደዚያ አየና ሳቀ።

«እዚያ ጋ አንቺ ታመሽ ነበር። መሬት ላስቀምጥሽ አልሆነልኝም። በአንድ እጄ አቅፌሽ በአንድ እጄ ስቆፍር ጠመመብኝ። ላቃናው አስቤ ሳይመቸኝ ቀረ።»

«ያሳፍርሃል?»

«አሁን ሳየው ከሁሉም የሚያምረው እሱ ነው» አለ።

ሲወርዱ ሚዳቋዋ ግልገሏን ይዛ ቆማ ነበር። «ቦዩን የቆፈሩት እኚህ ናቸው» አለችው፤ ግልገሉም ራሱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሳ። አያ ጉድባ እሾሁን ሙሉ ለሙሉ ዘረጋ፤ በፀሐዩ ጥቁርና ነጩ ደምቆ ታየ። ልጁን በጎኑ አድርጎ በፊት ለፊት በር ወጣ።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ወደ መጫወቻ መሄድ ስታስቡ ሌላው መቼ እንደሚሄድ ብቻ አትጠይቁ። ልታዩ የምትሄዱት ምን እንደሆነ መጀመሪያ ለራሳችሁ ንገሩ፤ ያኔ ቀኑን ታውቁታላችሁ። ስትሄዱም እንዳላችሁ ሂዱ፤ ከራሳችሁ ነቅላችሁ የምትጥሉት ነገር አይኑር።

ወሬው የናንተ ሆነ፤ ለእኔ ጉሮሮዬ የሚርስበት ውኃ ስጡኝ።