ወይዘሮ ዘነቡ የሰረዙት መስመር

በአንድ ወቅት ደሴ ከተማ ውስጥ ሠላሳ ዓመት በታይፒስትነት ሠርተው ጡረታ የወጡ ወይዘሮ ዘነቡ የሚባሉ እናት ነበሩ። የጉሮሮ ሕመም ድምፃቸውን ወሰደባቸው። ሦስት ልጆች ነበሯቸው፤ የሦስቱም ሥራ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ነው።

ትልቋ ስንዱ እናቷ በእጅ ምልክት ሲቸገሩ ማየት ከበዳት። ባዶ የጽሑፍ ሳጥን ያለበት መስኮት ሠራችላቸው። በሳጥኑ ውስጥ አንዲት ፊደል በተለወጠች ቁጥር ፕሮግራሙ ነቅቶ ለውጡን ይቀበላል፤ ጨርሰው «አስገባ» የሚለውን ሲጫኑ የጻፉትን ጮክ ብሎ ያነባል። መጀመሪያ ያነበበው «ሽሮው ጨው በዝቶበታል» የሚል ነበር። እናትና ልጅ ሳቁ። ስንዱ ኋላ ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር አንዷን ፊደል አምስት ጊዜ ይመቷት ጀመር። ሁለተኛው ልጅ አበጋዝ ፕሮግራሙ ለውጡን ከመቀበሉ በፊት እንዲያጣራ አደረገ፤ ተጣድፈው የተደራረቡትን ምቶች ይጥላል፣ ረጋ ያሉትን ያስገባል።

አንድ ቀን ደግሞ ክንዳቸው ኪቦርዱ ላይ ወድቆ የግማሽ ቀን ጽሑፍ ጠፋባቸው። የመጨረሻው ልጅ መክብብ የተጻፈውም የተሰረዘውም በየተራው እንዲመዘገብና እንዲመለስ አደረገ። እናቱ ግንባሩን ሳሙት።

ወይዘሮ ዘነቡ አንድ ወንድም ነበራቸው፣ አራጋው የሚባሉ። አራጋው የባላቸው ቀብር ላይ ስላልተገኙ አሥራ አንድ ዓመት ተኳርፈው ኖረዋል።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ስንዱ መድኃኒት ልትገዛ ወጥታ ስትመለስ እናቷን አንገታቸውን ደፍተው፣ እጃቸው ኪቦርዱ ላይ እንዳለ አርፈው አገኘቻቸው። ሳጥኑ ባዶ ነበር።

ከቀብር በኋላ መክብብ መዝገቡን ከፈተ። «አራጋው ወንድሜ፣ ይቅር ብዬሃለሁ» ተብሎ ተጽፏል። ቀጥሎ ከመጨረሻው ፊደል ጀምሮ አንድ በአንድ ተሰርዞ አልቋል። «አስገባ» አልተነካም።

«ለማንም አናሳይም» አለች ስንዱ። «እማዬ የሰረዘችውን ወረቀት ለአለቆቿም አሳይታ አታውቅም።»

በሣልስቱ ጋሼ አራጋው ድንኳን ውስጥ አጠገቧ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ስለ እኔ ያለችው ነገር አለ?»

«የለም፣ ጋሼ።»

ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። ከጋቢው ሥር ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ እያየች ስንዱ እውነቱን ልትነግራቸው አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ እናቷን አሰበችና ተነሥታ ውሃ ልታመጣላቸው ሄደች።

መክብብ ግን አልቻለም። በማግስቱ ላፕቶፑን ይዞ አጎቱ ወዳረፉበት ቤት ሄደ፤ መስመሩን መልሶ አሳያቸው። ሽማግሌው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ፣ ደግመው አነበቡ።

«ታዲያ ትናንት የለም የተባልኩት ለምንድን ነው?»

 ከመክብብ ጋር የሄደው አበጋዝ መለሰ።

«ሰርዛዋለች፣ ጋሼ። ፊደሎቹ የጠፉት በረጋ ምት ነው፤ የእኔ ማጣሪያ አውቃ የነካችው ብሎ ተቀብሎታል። ግን የዚያን ዕለት ደክማ ነበር፤ የደከመ ጣትም ረጋ ብሎ ነው የሚመታው። እንደገና ልትጽፈው ይሁን ተጸጽታ፣ አላውቅም።»

ጋሼ አራጋው ላፕቶፑን ከደኑ። «ይህን ባትነግረኝ ምን ነበረበት?» አሉ። የዚያኑ ቀን ወደሚኖሩበት ወልድያ ተመለሱ፤ ለአርባው አልመጡም።

ወንድማማቾቹ ስንዱን ልበ ደረቅ ይሏታል፤ እሷም በመክብብ ተቀይማለች፤ ሁለቱም በአበጋዝ አዝነዋል። ስንዱ አንዳንድ ጠዋት መስኮቱን ትከፍትና ባዶውን ሳጥን እያየች ትቀመጣለች። መልሳ ትዘጋዋለች።

እንግዲህ የሰማችሁ ሁሉ ተከራከሩበት፦ ስንዱ እናቷ የሰረዙትን እንደተሰረዘ ተወችው፣ መክብብ የጻፉትን ለተጻፈለት አደረሰ፣ አበጋዝ ሁለቱንም ሳያስቀር ተናገረ። ከሦስቱ ለወይዘሮ ዘነቡ የታመነው ማን ነው?